አንጮቴ ኮምቦልቻ ላይ ይይዛል ወይ?

ሰሞኑን ስለ አንጮቴ፣ ወለጋ ላይ ሥሩ ተቀቅሎ ስለሚበላው ተክል፣ የሚጠይቁኝ አንባቢዎች በርከት ብለዋል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የአንዷ ጥያቄ ሰፋ ያለ ስለሆነ በሱ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹን አከታትላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እታለም፣ እንደምን አለሽ? የምጽፍልሽ ከኮምቦልቻ ነው። ግቢያችን የተከራየች አንዲት የወለጋ ልጅ አለች፣ እዚሁ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ለፋሲካ ቤተሰብ ጠይቃ ስትመለስ ሁለት ትልልቅ አንጮቴና በወረቀት የተጠቀለለ እፍኝ የማይሞላ ዘር አመጣችልን። አንዱን ቀቅላ አበላችን፣ ልጆቹ ሳይቀሩ ወደዱት። ሁለተኛውን ልተክለው ብዬ አስቀምጬዋለሁ። እናቴ «የሰው አገር ተክል ነው፣ እዚህ አይዝም» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ «እንደ ድንች ቆራርጠሽ ቅበሪው» አለችኝ። የማንን ልስማ? መቼስ ነው የሚተከለው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ይይዛል። ሥሩን ግን እንዳትቆራርጪው።

ጎረቤትሽ የተሳሳተችው ክፉ አስባ አይደለም። ሲቀቀል ድንች ስለሚመስል ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን አንጮቴ ድንች አይደለም። ድንች ላይ እዚህም እዚያም «ዐይን» አለ፤ ቆርጠሽ ብትቀብሪው ከዐይኑ ያቆጠቁጣል። የአንጮቴ የምንበላው ክፍል ግን ሥሩ ነው። ቡቃያው የሚወጣው ከአናቱ ነው፣ ሐረጉ ከተነሣበት ቦታ። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁትን ሥር ለአራት ከፍዬ ቀበርኩት፤ የበቀለው የአናቱ ቁራጭ ብቻ ነበር፣ ሦስቱ አፈር ውስጥ በስብሰው ቀሩ። ብርቅ ዘር ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንደ ድንች ሳይሆን እንደ ዱባ አስቢው። ዘመዶቹ ዱባና ቅል ናቸው። እንደነሱ ይሳባል፣ እንደነሱ ቀጭን ክር እያወጣ ያገኘው ነገር ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉም ጣት ጣት ያለው ነው። ሳይንሱ ኮክሲኒያ አቢሲኒካ ይለዋል፣ ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል። ዱባን ባሕር ተሻግሮ ከአሜሪካ ነው ያገኘነው፤ አንጮቴ ግን የኛው የኢትዮጵያ ነው፣ ከዱር አላምደው ለማዕድ ያበቁትም የኛው ገበሬዎች ናቸው። ወለጋ ላይ የመስቀል ምግብ ነው። ወላይታዎች ኡሹሹ ይሉታል፣ ዳውሮዎች ሹሼ፣ ካፋዎች አጆ። እኛ ወሎ ላይ ደግሞ ስሙን እንኳ ያልሰማ ብዙ ሰው አለ። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

ወደ እናትሽ ስጋት ልምጣ። የሰው አገር ተክል አይደለም በይልኝ። አንጮቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ከፍታ ይበቅላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ መሃሉ ላይ ማለት ነው። ዝናብም ቢሆን በዓመት ከ760 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል፤ እሱም እናንተ ጋ አይጠፋም። የወሎ ችግር የዝናቡ መጠን ሳይሆን አመጣጡ ነው። ወለጋ ላይ ዝናቡ አንዴ ከያዘ እስከ መስከረምና ጥቅምት ሳይቋረጥ ይሄዳል። የኛ በልግ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይቀራል። ግንቦት ላይ ፀሐዩ ይከርርና ሰኔን እስኪያጋምስ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉ ባንዴ ይወርዳል። ስለዚህ የወለጋውን የመዝሪያ ጊዜ እንዳለ ብንቀዳው ቡቃያው ግንቦት ላይ ይቃጠልብናል።

አሁን ሚያዝያ ላይ ነን። ቤትሽ የቧንቧ ውሃ በደንብ የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም የዕቃ እጣቢ እያጠራቀምሽ የምታጠጪ ከሆነ (ኦሞ ያልበዛበት ይሁን)፣ ዘሩን አሁኑኑ ዝሪው። ክረምቱ ሲገባ ጠንክሮ ይጠብቀዋል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ መቅመስ ትጀምሪያለሽ። ውሃው በሳምንት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ግን አትቸኩይ። የሰኔ መጨረሻን ጠብቂ። ያኔ የተዘራ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል፤ ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ስለሚያቆም በሳምንት ሁለቴ ያህል ማጠጣት ይኖርብሻል። እኔ ብሆን ዘሩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሰኔ ላይ እዘራ ነበር። ዘሩ ትንሽ ነው ብለሻል፣ ሁሉንም ባንድ ቀን አታስይዢው።

መሬቱን በደንብ ቆፍሪው። ይሄን ላይ ላዩን እንዳታልፊው አደራ። የሚበላው ሥር ነውና አፈሩ ጠንካራ ከሆነ ሥሩ ይጣመማል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል፣ ሲቀቀልም ለመላጥ ያስቸግራል። ክንድ የሚያስገባ ያህል ቆፍረሽ ድንጋዩን ልቀሚና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዪበት። ትኩስ ፍግ ያቃጥለዋል። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊው፤ ውሃ የተኛበት አንጮቴ ይበሰብሳል። ከባሕር ዛፍ ጥግም አታስጠጊው፣ ውሃውን ይሻማዋል።

ዘሩን አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊውና ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አስቀምጪው። በተክልና በተክል መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ይብቃ። ብዙዎች መጀመሪያ ችግኝ በፕላስቲክ አፍልተው ማዛወር ይወዳሉ። ለአንጮቴ አልመክርም። ዋናው ሥር ሲዛወር ከተጎዳ ሐረጉ ይለመልማል እንጂ ሥሩ እንደሚገባው አይወፍርም። እዚያው በሚኖርበት ቦታ ይዘራ።

ከበቀለ በኋላ መውጫ ስጪው። መሬት ላይ ተስቦም ይኖራል፤ ግን ክረምት ላይ ቅጠሉ ጭቃ እየነካ ይበሰብሳል፣ ለማረምም አይመችም። ባላ፣ ቀርከሃ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ያለሽን ነገር ትከዪለት። አጥራችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። የኮምቦልቻ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ነው የሚያግለው፣ የተጠጋውን ቀንበጥ ይጠብሰዋል። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ራቅ አድርገሽ ሲባጎ ከላይ ወደ ታች ወጥሪለት፣ በራሱ ይወጣል። ሐረጉ ብዙ ሜትር ስለሚሄድ ጥላም ይሆንሻል። የእህቴ ቤት እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ የኩሽናዋን በረንዳ ያለበሰችው በአንጮቴ ነው፣ ቡና የምታፈላው ከሥሩ ተቀምጣ ነው።

ያስቀመጥሽውን ትልቁን ሥር በተመለከተ፣ አትብዪው፣ አትቁረጪው። አናቱን ወደ ላይ አድርገሽ እንዳለ ቅበሪው። ወለጋዎች እንዲህ ለዘር ብለው መሬት ውስጥ ለዓመታት የሚያቆዩት ሥር አላቸው፣ ጉቦ ይሉታል፤ የኦሮምኛ ቃል ነው፣ ከኛ ጉቦ ጋር አይገናኝም። በጋ ላይ ሐረጉ ይደርቃል። ሞተ ብለሽ እንዳትነቅዪው። ዝናብ ሲነካው እንደገና ይነሣል፣ ከዓመት ዓመት እየበረታ ይሄዳል። የሚበላውን በየዓመቱ ከዘር ታወጪያለሽ፣ ዘሩን ደግሞ ከዚህኛው ትለቅሚያለሽ።

መድረሱን የምታውቂው ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ነው። ሁሉንም ባንድ ቀን ማውጣት የለብሽም። መሬት ውስጥ ይቆያል፣ ለዕለት የሚበቃሽን ብቻ ቆፍሪ። ስትቀቅዪ ደግሞ ከነልጣጩ ይሁን። አጥበሽ፣ ድስት ውስጥ ከተሽ፣ ውሃ አልብሰሽ፣ ሹካ ሲገባበት አውጥተሽ ትልጪዋለሽ። ከድንች ትንሽ ይቆያል። ተልጦ ከተቀቀለ ጥሩ ጥሩው ነገር ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከዚያ በቅቤና በሚጥሚጣ ነው፤ ለጾም በዘይትና በቃሪያ። ለጋ ቅጠሉንም እንደ ጎመን መሥራት ትችያለሽ፣ ብቻ ሐረጉን አታራቁቺው፣ ሥሩን የሚያወፍረው ቅጠሉ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ፣ መሬት ግን የለኝም። ያለኝ አንድ የድንጋይ ግንብና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ነው። ደሴ ብርድ ነው፣ አንጮቴን ማሰብ ከንቱ ይሆንብኝ ይሆን?

መልስ፦ ከንቱ አይሆንብዎትም አባባ። ግን ትዕግሥት ይጠይቅዎታል።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የሚገባ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች፣ በዚህ ከፍታ ልዩነት ሙቀቱ አራት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አንጮቴ ይሄን ይችላል፣ ብቻ ቀስ ይላል። ኮምቦልቻ ላይ አምስት ወር የሚፈጀው እርስዎ ጋ ስድስት ሰባት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሰኔን አይጠብቁ፣ አሁን ሚያዝያ ላይ ዘርተው እያጠጡ ክረምቱን ይቀበሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ቢመታው ቅጠሉ ይጠቁራል። አይደንግጡ። ሥሩ ከአፈር በታች ስለሆነ ምንም አይሆንም።

የድንጋይ ግንብ አለኝ ያሉትን ሳነብ እንዲያውም ቀናሁብዎት። ድንጋይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቃል፣ ለደሴ ብርድ ከዚህ የተሻለ የለም። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትን ጎን ይምረጡ። ማታ ማታ ፀሐይቱ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ የከሰዓቱን ፀሐይ ብዙ መተማመን አይቻልም።

መሬት ከሌለዎት ጆንያ ይበቃል። የ50 ኪሎ ጆንያ ይውሰዱ፣ ታቹን አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት፣ ከሥር አንድ እጅ ያህል ጠጠር ያድርጉ፣ ከዚያ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ትንሽ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። በአንድ ጆንያ ሁለት ተክል ብቻ። ሦስተኛ ካደረጉ ሥሮቹ ይጨናነቃሉ። ጆንያውን ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፣ ሁለት ድንጋይ ላይ ከፍ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ውሃው መውጫ ያጣል። በጋ ላይ የጆንያ አፈር ቶሎ ይደርቃልና ጣትዎን ከትተው እያዩ ያጠጡ። ግንቡ ላይ ሚስማር መትተው ሲባጎ ይዘርጉለት።

የክረምቱ በረዶ ቅጠሉን ቢቀዳድደው አይንቀሉት። እንደገና ያወጣል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነኝ። አምና አንድ ጓደኛዬ ሰጥቶኝ ሁለት የአንጮቴ ሐረግ አለኝ። በጣም ለምልመዋል፣ አበባው ጉድ ነው። ፍሬ ግን አንድም የለም። ዘር ልሰበስብ ነበር ሐሳቤ። መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም፣ መድኃኒቱን ተወው ወንድሜ! ተክልህ አልታመመም።

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። አንጮቴ እንደ ፓፓያ ነው፤ ወንዱና ሴቷ የተለያየ ተክል ላይ ናቸው። ዱባ ላይ ሁለቱም አበባ አንድ ሐረግ ላይ ይወጣል፣ አንጮቴ ላይ ግን አንዱ ሐረግ ወንድ ብቻ፣ ሌላው ሴት ብቻ ነው። ሁለቱም ሐረጎችህ ወንድ ከሆኑ ዕድሜ ልካቸውን ቢያብቡ ፍሬ አይሰጡህም። ሁለቱም ሴት ከሆኑም ያው ነው፣ የወንዱን አበባ ዱቄት የሚያመጣላቸው የለም።

ለማወቅ አበባውን አዙረህ ከኋላው እየው። ከአበባው ሥር ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ መሳይ እብጠት ካለ ሴት ናት። ቀጭን ዘንግ ብቻ ከሆነ ወንድ ነው። ዘሩን አይተህ አስቀድመህ መለየት አትችልም። መፍትሔው ቁጥር ማብዛት ነው፤ ስድስት ሰባት ዘር ዝራ፣ ሁለቱም የማግኘት ዕድልህ ሰፊ ይሆናል። እስከዚያው ሁለቱን አትንቀላቸው። ለምግብ ከሆነ ወንድም ሴትም ሥር ያወፍራሉ።

መድኃኒት አትርጭ ያልኩህ ለንብ ብዬ ነው። ዱቄቱን ከወንዱ ወደ ሴቷ የምታደርሰው ንብ ናት፣ እሷን ከገደልክ ሁለቱም ቢኖሩህ ፍሬ አታይም። ክሽክሽ ከወረረህ በሳሙና ውሃ ቅጠሉን ከሥር በኩል እጠበው፣ ማታ ላይ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ።

ፍሬው ሲይዝ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለዘር የምትለቅመው የቀላውን ብቻ ነው። ፈልቅቀህ፣ ሙልጭልጩን በአመድ አሽተህ፣ አጥበህ፣ ጥላ ቦታ አድርቀው። ወፎች ይሻሙሃልና ቀላ ሲል አትዘግይ።

ጥያቄ፦ እናታችን ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ወጌሻ አይቷቸዋል። አንድ ዘመዳችን አንጮቴ አጥንት ይጠግናል፣ አብሏቸው እያለ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ አላህ አፊያ ያድርግልሽ እህቴ።

ወለጋ ላይ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ አንጮቴ ማብላት የቆየ ልማድ ነው። መሠረት የለውም አልልም። 100 ግራም ጥሬ አንጮቴ ውስጥ ወደ 119 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለ፣ ድንች በዚያው መጠን አሥርን ብዙም አያልፍም። ለሥራ ሥር ይሄ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ አብሏቸው፣ ከነልጣጩ ቀቅላችሁ፣ ከአይብ ጋር ቢሆን ደግሞ የበለጠ። ግን ምግብ ነው፤ የተዛነፈ አጥንት ወደ ቦታው አይመልስም። ወጌሻ አይቷቸዋል ብለሽ ብቻ አትቀመጪ። ራጅ ይነሡ። በእሳቸው ዕድሜ በተለይ የዳሌ አጥንት ከሆነ በማሸት ቀልድ የለም፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው፣ አንጮቴው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሐረጎ አካባቢ ቁጥቋጦ ላይ የሚጠመጠም፣ ቀይ ትንንሽ ፍሬ ያለው ሐረግ አይቻለሁ። ቅጠሉም አንጮቴ ይመስላል። ሥሩን ቆፍሬ ባመጣውስ?

መልስ፦ እንዳትበላው። የዱባ ዘመዶች የሆኑ ብዙ የዱር ሐረጎች አሉን፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈሩም በርካታ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ኃይለኛ ምሬትና መርዝ ያላቸው አሉ፣ ሆድ ያጥባሉ፣ ባስ ሲልም ሰው ይጎዳሉ። ተቀቅሎም መርዙ ላይለቅ ይችላል። በዓይን ብቻ መለየት ለለመደ ሰው እንኳ ያስቸግራል።

ዘር የምትፈልጉ ሁሉ በልተውት ካደጉ ሰዎች ውሰዱ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከወለጋ መጥተው የሚሠሩ፣ የሚማሩ ልጆች ሞልተዋል። ለእረፍት ሲሄዱ ንገሯቸው። ጥሬ ሥር ከሚሸከሙ በደንብ የቀላ አምስት ስድስት ፍሬ ቢይዙላችሁ ይሻላል፤ አንዱ ፍሬ ውስጥ ብዙ ዘር አለ፣ ኪስም ይበቃዋል። ከተለያየ ሐረግ የተለቀመ ይሁን በሏቸው።